«የማስከፍለው ለጊዜሽ ነው»

የታክስ ቢሮ የሠራ ሰው የፌብሩዋሪን ወር ያውቃታል። የደመወዝ ማስረጃውን ደብልዩ ቱ ይዞ የመጣው፣ የሌላ ገቢ ማስረጃው ቴን ናይንቲ ናይን የጠፋበት፣ «ሪፈንዴ የት ደረሰ?» እያለ ተመላሽ ታክሱን የሚጠይቀው፣ ሁሉም ባንዴ ነው በር ላይ የሚቆመው። የ2021ዱ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈትተው የከረሙ የሆቴልና የፓርኪንግ ሠራተኞች የአንኢምፕሎይመንት፣ ማለትም የሥራ አጥ ድጎማ፣ ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ። መንግሥት ለሰዉ የላከው የእርዳታ ገንዘብ፣ ስቲሙለስ፣ ያልደረሳቸው አሉ። እኛ ደግሞ ማስክ አድርገን፣ ከፕላስቲክ ግርዶሽ ጀርባ ተቀምጠን፣ ሰው በተራ እያስገባን ነው የምንሠራው። ቢሮው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው።

በዚህ መሀል የኮሮና ክትባት ነገር መጣ።

ዲሲ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ነዋሪዎች ቀጠሮ መስጠት የጀመረችው ጃንዋሪ 11 ቀን ነው። ክትባቱ በነፃ ነው። አሠራሩም ሲያዩት ቀላል ነው፤ ዌብሳይቱ ይከፈታል፣ የቀደመ ይይዛል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ማን እንደያዘ በቁጥር ወጣ። ከተማው ዋርድ በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ሀብታሙ የሚበዛበት ዋርድ 3 ከ2,000 በላይ ቀጠሮ ሲወስድ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ ያለው ዋርድ 8 መቶ እንኳ አልሞላም። በኮሮና ብዙ ሰው የቀበረው ደግሞ ዋርድ 8 ነው።

ከተማው ይህን አይቶ ዝም አላለም። ለዚህ ከንቲባ ሙሪየል ባውዘርም የጤና መሥሪያ ቤቱም ምስጋና ይገባቸዋል። በሽታው ለበረታባቸው ዚፕ ኮዶች፣ ማለትም በፖስታ ቁጥር ለተለዩ ሰፈሮች፣ ቅድሚያ ተሰጠ። ቆየት ብሎ ሐሙስ ጠዋት ለነሱ ብቻ፣ ዓርብ ጠዋት ደግሞ ለሁሉም የሚከፈት ሆነ። ብዙ ከተማ ቁጥሩ ገና ባልወጣበት ሰዓት ይህን ማድረግ ትልቅ ነገር ነው።

ሰዓቱ ግን ያው ነበር። ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ በፈረንጁ 9 ሲል፣ ኮምፒውተር ፊት የተገኘ ያገኛል። ያልተገኘ አያገኝም።

እስቲ በዚያ ሰዓት ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጠው ማነው? የፓርኪንግ ሠራተኛው መኪና እየተቀበለ ነው። ነርሲንግ ሆም የምታድረው እህታችን ሌሊቱን ሠርታ አውቶቡስ ላይ ናት። አያቶች ደግሞ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ቤት ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ በኦንላይን ነው፣ ቤት ያለችው አንዲት ኮምፒውተርም በልጁ ተይዛለች። እርግጥ የስልክ መስመር አለ። በዲሲ ሕግ ከ2004 ጀምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛ ተናጋሪውንም በቋንቋው ማስተናገድ አለባቸው። መስመሩ ሲጨናነቅ ግን ማንንም አያስገባም።

እናም ሰዎቹ ወደኛ መጡ። ፎርም የሚሞላ ሰው የሚያውቁት እዚህ ነዋ። መጀመሪያ ላይ ታክሱን እየሠራሁ «ቆይ ልሞክርልዎት» እያልኩ በመሀል አስይዝ ነበር። የተሳካልኝም ነበሩ። ወሬው ተዳረሰ። አንድ ቀን ጠዋት ስገባ የመግቢያው መስታወት ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ «የክትባት ቀጠሮ እናስይዛለን፣ 30 ዶላር» ይላል።

ደሜ ፈላ። በቀጥታ ወደ አለቃዬ ገባሁ።

«ጋሼ፣ ከተማው በነፃ የሚሰጠውን እኛ እንዴት እንሸጣለን?»

«ክትባቱን መቼ ሸጥኩ? ክትባቱ ነፃ ነው። የማስከፍለው ለጊዜሽ ነው። በሦስት ሰዓት እዚያ ወንበር ላይ ለክትባት ስትቀመጪ የማንን ታክስ ትሠሪያለሽ?»

መልስ አጣሁ። ሰውየው የተናገሩት ውሸት አልነበረም። በ2020 ከተማው ቤት ተቀመጡ ሲል፣ የታክሱ ቀን ወደ ጁላይ 15 ሲገፋ፣ ቢሮው ተዘግቶ ኪራዩ አልቆመም። እኔንም ያኔ ከሥራ አላሰናበቱኝም። ይሄን አልክድም። ቢሆንም ያቺን ወረቀት ባየሁ ቁጥር ሆዴ ይቃጠል ነበር።

ፌብሩዋሪ 25 ሐሙስ ነበር። ከተማው የጤና ችግር ላለባቸው ከ16 እስከ 64 ዓመት ላሉ ነዋሪዎችም በሩን የከፈተው በዚያ ቀን ነው። ሰዉ ባንድ ጊዜ ጎረፈ። ዌብሳይቱም ተንኮታኮተ። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል፣ በዜናም የተነገረ ነው። እኔ የማወራው ያን ጠዋት ከጎኔ ስለተቀመጡት እናት ነው።

እማማ ሲገቡ ሦስት ሰዓት አልሞላም። ስኳር አለባቸው። የሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) ካርዳቸውን፣ የመድኃኒታቸውን ዝርዝርና የመብራት ቢላቸውን በፌስታል ይዘዋል፤ አድራሻ ይጠየቃል ብሏቸው ሰው መክሯቸው ነው። ብሩ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሯል። ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው መነጽራቸውን አደረጉ።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ገጹ ነጭ ሆኖ ቀረ። ደግሜ ጫንኩት። ቆይቶ ተከፈተ። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ አድራሻ ሞላሁ። ካፕቻው መጣ፤ እነዚያ የተጣመሙ ፊደሎች። ጻፍኩ። ስህተት ነው አለ። ሌላ አመጣ፣ ጻፍኩ፣ ስህተት ነው አለ። እማማ ፊደሎቹን በጣታቸው እያሳዩ አብረውኝ ያነባሉ። አንዱንም አልሳትንም። እኛ ብቻ አልነበርንም፣ ካፕቻው በትክክል የጻፈውንም ሲመልስ እንደዋለ በኋላ በዜና ሰማን።

«ምንድነው የሚልሽ ልጄ?»

«ሰው መሆንዎን ላረጋግጥ ነው የሚለው እማማ።»

«እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ?»

ገጹ ወጣ፣ ገባ። የሞላሁት ሁሉ ጠፋ። እንደገና ከስማቸው ጀመርኩ። በመጨረሻ ስንደርስ ቀጠሮው አልቋል።

ነገሬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እማማ ፌስታላቸውን ሲሰበስቡ አለቃዬ ከውስጥ ወጡ።

«እማማ፣ ሠላሳ ዶላር ነው።»

«ተገኘ እንዴ?»

«አልተገኘም። ነገ ዓርብ ነው፣ ይሞከራል። የዛሬው የልጅቷ ጊዜ ነው።»

«የኔስ ጊዜ? የልጅ ልጆቼን ጎረቤት ጥዬ ነው የመጣሁት።»

«የእርስዎን ጊዜ እኔ አልወሰድኩትም። ከተማው ነው የወሰደው።»

እማማ ቀና ብለው አዩዋቸው። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እንግዲያው የልጅቷንም የወሰደው ከተማው ነው። ከሱ ተቀበላ።»

ቢሮው ጸጥ አለ። ታክስ ሊያሠራ የተቀመጠ አንድ ሰውዬ ስልኩን ወደ ጎን አደረገ። እኔ «ጋሼ፣ ከደመወዜ ይቁረጡት» አልኩ። እማማ ግን እጄን ያዝ አድርገው «አንቺ ምን አጠፋሽና?» አሉኝ። መሐረባቸውን ፈትተው ብሩን ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አለቃዬ አነሡት። ደረሰኝ ቆርጠው ሰጧቸው።

እስከዛሬ ሲያንገበግበኝ የሚኖረው ያ ደረሰኝ ነው። ሌባ ደረሰኝ አይሰጥም። እሳቸው ሌባ አልነበሩም። ሥራ እንደሠራ ሰው ነው የቆረጡት።

እማማ ያሉትን ሌሊቱን ሙሉ አሰላሰልኩት። ከዚያ የተሻለ አነጋገር ከማንም ባለሥልጣን አልሰማሁም። ከተማው ክትባቱን በነፃ አቀረበ። ግን በሩጫ አደለው። የሚያልቅ ነገር በሩጫ ሲታደል መሮጥ የማይችለው ሰው ሯጭ ይቀጥራል። ሯጩ ደግሞ ዋጋ አለው። በኛ ሰፈር ዋጋው 30 ዶላር ሆነ። ሌላው ዘንድ ልጁ ከቢሮው ሆኖ በሁለት ስክሪን ለእናቱ ይይዝላቸዋል፤ እሱም ዋጋ ነው፣ በደረሰኝ ስለማይቆረጥ ነው የማይታየው።

ከተማውን ሳማ ግን ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ዲሲ ክፍለ ግዛት አይደለችም። ኮንግረስ በማርች 2020 የእርዳታውን ገንዘብ ሲያከፋፍል ትንሹ ስቴት እንኳ 1.25 ቢሊዮን ዶላር ሲያገኝ ዲሲ ወደ 500 ሚሊዮን ነው የደረሳት። ነዋሪው የፌዴራል ታክስ እንደማንም ይከፍላል፣ በየቀኑ የምሞላው እኔ ነኝ። የጎደለው የተመለሰው ከዓመት በኋላ ነው። በዚያ ላይ የዲሲ ሆስፒታሎች ሠራተኛ አብዛኛው በጎረቤት ስቴቶቹ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ከደንበኞቻችንም ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚያድር፣ ዲሲ የሚሠራ፣ ቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ እናቱን የሚጦር ሞልቷል። ለአንዱ ቤተሰብ ሦስት መንግሥት፣ ሦስት ዌብሳይት፣ ሦስት ሕግ ነበር። ሜሪላንድ የሚኖረውን ከበራችን ስመልሰው የሚያየኝ አስተያየት አይረሳኝም።

ማርች 10 ዲሲ የቅድመ ምዝገባ ሥርዓት ጀመረች። ሩጫው ቀረ። ስምህን በፈለግክበት ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ አንዴ ታስመዘግባለህ። ከዚያ ከተማው ራሱ በዕድሜ፣ በጤናና በሰፈር መድቦ እያወጣ፣ ተራህ ሲደርስ ይጠራሃል። ቅድሚያ ለተሰጣቸው ዚፕ ኮዶች ድርሻቸው ተጠብቋል።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ሆኜ የደንበኞቻችንን ስልክ አውጥቼ ስደውል አመሸሁ። የእማማን ስም መጀመሪያ አስገባሁ። ካፕቻም፣ ሰዓትም፣ ግፊያም የለም። እያወራን ጨረስን፤ የልጅ ልጃቸው ከጀርባ «ሃሎ» ትላለች። አለቃዬ በበኩላቸው ወረቀቷን ራሳቸው አነሷት። አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ማንም የማይገዛው ነገር ሆኗል።

ይህን ማድረግ በጃንዋሪም ይቻል ነበር ብዬ አምናለሁ። ወረፋን በስም መያዝ አዲስ ጥበብ አይደለም። ዕቁብ የጣለ ሰው ያውቀዋል።

እማማ ማርች ሳያልቅ ተጠርተው ተወጉ። ደውለው ነገሩኝ። እኔ ደስታዬን ይዤ ወደ አለቃዬ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እማማ ተከተቡ እኮ። ያቺን ሠላሳ ዶላር ብንመልስላቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፣ ከልባቸው ነው። ቀጥለው «ግን ሥራው ተሠርቷል» አሉ።

ተከራከርኩ። ቀጠሮው በኛ በኩል እንዳልተያዘ፣ የተያዘውም ከቤቴ በራሴ ጊዜ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ታዲያ በራስሽ ጊዜ ከሠራሽ የራስሽ ጉዳይ ነው» ብለው ወደ ስልካቸው ዞሩ። በዚያው ሰሞን ከአንኢምፕሎይመንት ላይ እስከ 10,200 ዶላር ድረስ ከፌዴራል ታክስ ነፃ ሆኗል ተብሎ ስልኩ ፋታ አልነበረውም። ታክስ ማስገቢያው ቀንም ወደ ሜይ 17 ተገፍቷል። ነገሩ በሥራ ብዛት ተዋጠ።

ኤፕሪል ላይ ከተማው ለተከራዮች ስቴይ ዲሲ ይባል የነበረውን የኪራይ እርዳታ ከፈተ፤ 352 ሚሊዮን ዶላር ተመድቦለት ነበር። ስንቱን ከጎዳና ያዳነ ገንዘብ ነው። ማመልከቻው ግን እንደገና በኦንላይን ነበር። የኪራይ ውል፣ የገቢ ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ ሁሉም በስካን ይገባል። አከራዩም በበኩሉ ይጠየቃል። ኢሜይል የሌለው ሰው ከየት ይጀምር? ሰዎቹ ፌስታላቸውን ይዘው እንደገና ወደኛ መጡ። አለቃዬ ለአንድ ማመልከቻ 75 ዶላር አሉ።

የዚያን ሰሞን ነው ሥራ እንደምለቅ የነገርኳቸው። የታክሱን ወቅት ጨርሼላቸው ወጣሁ። ማመልከቻዎቹን ማታ ማታ ከቤቴ ነው የሞላሁት።