ሰይፌ መጣች

በቃ መጣች! ስንት ወር ጠብቄያት ሳጥኑን ስከፍት እጄ ሁሉ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። የ13ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፈረሰኞች ይታጠቁት የነበረው የአንድ እጅ ሰይፍ ሬፕሊካ፣ ማለትም አስመስለው የሠሯት ቅጂ ናት። እና እባካችሁ ጎራዴ አትበሉብኝ፣ ጎራዴ ቆልመም ያለው ነው፣ ይቺ ቀጥ ያለች ባለ ሁለት አፍ ሰይፍ ናት። በኦክሾት አመዳደብ ዓይነት 12 የሚባለው ውስጥ ትገባለች። ኢዋርት ኦክሾት የመካከለኛው ዘመን ሰይፎችን በቅርጻቸው ለይቶ ቁጥር የሰጠ እንግሊዛዊ ነው፣ የሰይፍ ፍቅር የያዘው ሰው ሁሉ ዛሬም የሚያወራው በሱ ቁጥር ነው።

መጀመሪያ ሳነሳት ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ፊልም ላይ እያቃሰቱ ሲያነሱ ስላየሁ እኔም ክንዴን አጠንክሬ ብድግ ሳደርጋት እጄ ሽቅብ ተወረወረ፣ አምፖሉን ለጥቂት ሳትኩት። ስመዝናት 1.2 ኪሎ ናት። በቃ ይቺው ናት! ለካ የዛን ጊዜም ሰይፎች አብዛኞቹ እዚሁ አካባቢ ነበሩ፣ ቀኑን ሙሉ ታጥቀውት ለሚውሉት እና ደጋግመው ለሚሰነዝሩት ነገር ማን አምስት ኪሎ ብረት ይሸከማል?

ግን ከኪሎውም በላይ የገረመኝ ሚዛኗ ነው። ጣቴ ላይ አጋድሜ ስፈልገው እጀታውን ከስለቱ ከሚለየው መስቀለኛ ብረት ወደ ጫፉ 12 ሴንቲ ያህል ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። እጀታው መጨረሻ ላይ ያለው ድቡልቡል ብረት፣ ፖመል የሚሉት፣ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ወደ ኋላ እየጎተተ ሚዛኑን እጅ አጠገብ የሚያመጣው እሱ ነው። ከጎን ሲያዩዋት ደግሞ እጀታው ጋ ወፈር ብላ ወደ ጫፍ እየሳሳች ትሄዳለች፣ ይሄን ፎቶ ላይ በፍጹም አታዩትም። መሀሏ ላይ ያለው ቦይም የደም መውረጃ ነው የሚባለው ወሬ ነው፣ ብረቷ ሳትልፈሰፈስ ክብደት ለመቀነስ ነው የተቦረቦረው።

ከዚህ በፊት አንዲት ሰይፍ ነበረችኝ፣ ግድግዳ ላይ የምትሰቀለዋ ዓይነት፣ የማይዝግ ስቲል ምናምን ተብሎ። አንድ ቀን ትንሽ ወዝወዝ ሳደርጋት እጀታዋ ተንቀጫቀጨ፣ ስፈታው ውስጡ ያለው በብየዳ የተቀጠለ ቀጭን ዘንግ ነው! ያንን በኃይል ሰንዝሬው ተሰብሮ ቢወረወር ኖሮ ማን ላይ እንደሚያርፍ አስቡት። የአዲሷ ግን የብረቱ ጭራ አንድ ወጥ ሆኖ እጀታው ውስጥ አልፎ ፖመሉ ጫፍ ላይ ተቀጥቅጦ ነው የታሰረው። መንቀጫቀጥ የሚባል ነገር የለም።

ችግሯ ምን መሰላችሁ፣ ካርቦን ስቲል ስለሆነች ትዝጋለች። የመጀመሪያው ማታ በደስታ ስነካካት አምሽቼ ሳልወለውላት ተኛሁ፣ በነጋታው የአውራ ጣቴ አሻራ ቡኒ ሆኖ ታትሞባታል፣ ልቤ ቀጥ ነው ያለው። ቶሎ ስለደረስኩ በዘይትና በጨርቅ ለቀቀልኝ። አሁን ከነካኋት እወለውላታለሁ፣ ስስ የማሽን ዘይት እቀባታለሁ፣ ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ሰገባዋ ውስጥም አላሳድራትም። (ስለቷ ዱልዱም ነው፣ ሆን ብዬ ያልተሳለ ነው ያዘዝኩት፣ ራሴን አውቀዋለኋ።)

ታናሽ እህቴ መጥታ «ምን ልታደርግባት ነው ግን?» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት፣ ዝም ብዬ አስያዝኳት። እሷም ክንዷን አጠንክራ ስታነሳት እጇ ሽቅብ ሄደባት፣ «እንዴ፣ ቀላል ናት እኮ!» አለች። ከዛ ወዲህ በመጣች ቁጥር ሰላም ሳትለኝ ገና ከበሩ «ዘይት ቀባሃት?» ነው የምትለኝ።