ለመድኃኒት የማይበገር የደም ግፊትና የኩላሊት ነርቮች

ሦስት ዓይነት መድኃኒት፣ አንዱ የሚያሸና ሆኖ፣ በሚቻለው ከፍተኛ መጠን እየተወሰደ ግፊቱ ከ140/90 በታች ካልወረደ እምቢተኛ ይባላል። የኩላሊት ነርቮችን በካቴተር (በደም ቧንቧ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የማክሰም ሕክምና ከመታሰቡ በፊት መድኃኒቱ በትክክል መዋጡ ይረጋገጥ፤ ግፊቱም በ24 ሰዓት መለኪያ ይታይ። ሐኪም ፊት ብቻ የሚጨምር ግፊት፣ የአልዶስትሮን (ጨው የሚያስይዝ ሆርሞን) መብዛት ወይም በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥ ሊኖር ይችላል። ይህ ማጣሪያ ሲዘለል በጣም ያሳዝነኛል።

የኩላሊት ነርቮች የኩላሊቱን ደም ቅዳ ከውጭ ከበው ይጓዛሉ። ሥራቸው ሲበዛ ኩላሊት ጨውና ውኃ ይይዛል፣ ግፊት እንዲጨምር የሚያደርገውን ሬኒን ያመነጫል። እነሱን በሙቀት ለማክሰም ቀጭን ካቴተር በብሽሽት በኩል ይገባል። በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ሲምፕሊሲቲ ስፓይራል የተባለው መሣሪያ ተጠምዝዞ የደም ቅዳውን ግድግዳ በ4 ኤሌክትሮዶች ይነካል፤ አንዱ ዙር 60 ሰከንድ ነው። ፓራዳይዝ የተባለው ሌላው መሣሪያ ግን በአልትራሳውንድ 7 ሰከንድ ብቻ ያሞቃል፤ በካቴተሩ ጫፍ ባለው ፊኛ (ባሉን) ውስጥ የሚዞረው ውኃ የቧንቧውን ውስጠኛ ሽፋን ያቀዘቅዛል። ሙቀቱ ስለሚያም ማስታገሻ ቀድሞ ይሰጣል፤ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን፣ ቧንቧው እንዳይኮማተር ናይትሮግሊሰሪን ይጨመራል።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው የዚህ ሕክምና ትልቅ ሙከራ ከማስመሰያ ሕክምና (ነርቮቹ ሳይነኩ ከሚደረገው) ብልጫ አላሳየም። አንዱ ምክንያት ሙቀቱ የቧንቧውን ዙሪያ በሚገባ አለማዳረሱ እንደሆነ ይታመናል። አሁን በሬዲዮ ሞገድ ሲሠራ ቅርንጫፎቹም ይሞቃሉ፤ ነርቮቹ እዚያ ወደ ቧንቧው ይጠጋሉና። ሁለቱም መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካን ፈቃድ አግኝተዋል።

ውጤቱ በሳምንታትና በወራት ይታያል፤ ቅናሹ በአማካይ መጠነኛ ነው፣ መድኃኒቱም ብዙ ጊዜ ይቀጥላል። በብሽሽት ደም መቋጠር ያጋጥማል፤ የኩላሊት ቧንቧ መጥበብ ግን እምብዛም ነው።