የአባባ ሲንጀር

የአዳማ ሙቀት ዛሬም እንቅልፍ ነሥቶኛል። መስኮቱን ከፍቼ ከአባባ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጫለሁ። በጥቁሩ ብረት ላይ በወርቅ ቀለም ከተጻፈው «ሲንጀር» የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት ብቻ ይታያሉ፤ የቀሩትን የአባባ እጅ ጨርሷቸዋል።

አባባ ወታደር ነበር። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጁን አዳማ ገባ። በብድር ይህን መኪና ገዝቶ ከገበያው አጠገብ፣ በሰው ሱቅ በረንዳ ላይ ሱሪ ማሳጠርና የተቀደደ መጣፍ ጀመረ።

ሰሞኑን ስለ አሜሪካዊው ጄኔራል ስመድሊ በትለር ሳነብ ሰነበትሁ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኅዳር 1934 ለምክር ቤት ኮሚቴ በመሐላ የሰጠውን ቃል ደጋግሜ አነበብሁት። ባለሀብቶች ግማሽ ሚሊዮን የቀድሞ ወታደሮችን እንዲመራላቸው ፈልገው ነበር፤ ሕዝብ የመረጠውን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ለስሙ አስቀምጠው ሥልጣኑን ሊወስዱ። የላኩት ሰው ጄራልድ ማክጓየር የሚባል የቦንድ ሻጭ ነበር። በትለር ኒውዋርክ ከተማ ውስጥ ካረፈበት ሆቴል ድረስ ሄዶ 18 ባለ አንድ ሺህ ዶላር ኖቶች አልጋው ላይ በተነለት።

ቀጥሎ የሲንጀር ሀብት ወራሽ ሮበርት ስተርሊንግ ክላርክ ራሱ መጣ። እዚህ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ መኪናውን አየሁት። 30 ሚሊዮን ዶላር አለኝ፤ ግማሹን ለማትረፍ ግማሹን አወጣለሁ አለው፣ እንደ በትለር ምስክርነት።

ሩዝቬልት ዶላርን ከወርቅ ስላላቀቀው ለሀብታቸው ሠግተው ነበር። ለወታደሩ ግን የቃል ኪዳን ክፍያህ በማይረባ ወረቀት እንዳይከፈልህ ወርቁ ይመለስ በል ይሉታል። እነዚያ ወታደሮች በ1932 ለአንደኛው የዓለም ጦርነት አገልግሎታቸው ቃል የተገባላቸውን ያንኑ ክፍያ ሊጠይቁ ዋሽንግተን ሰፍረው በታንክና በአስለቃሽ ጭስ የተባረሩ፣ መጠለያቸው የነደደባቸው ናቸው። በትለር ያኔ ሰፈራቸው ድረስ ሄዶ አይዟችሁ ብሏቸዋል፤ ስሙን የፈለጉትም ለዚህ ይመስለኛል። አንጀቴን ያሳረረኝ ይህ ነው፦ የራሳቸውን ወርቅ በሰው ረኀብ ሊያስጠብቁ!

በትለር እናንተ ግማሽ ሚሊዮን ብታሰልፉ እኔም ሌላ ግማሽ ሚሊዮን ይዤ እገጥማችኋለሁ አላቸው። ማክጓየር ካደ፣ ጋዜጦች ተሳለቁ። ኮሚቴው በየካቲት 1935 ነገሩ መመከሩንና መታቀዱን አረጋገጠ። ክላርክ ለምስክርነት እንኳ አልተጠራም፤ አንድም ሰው አልተከሰሰም።

ልጅ ሳለሁ፣ አንድ ምሽት፣ ጥሩ የለበሰ ሰው በረንዳው ላይ አባባን ሲያነጋግረው አስታውሳለሁ። የድሮ ጓዶችህን ሰብስብልን ሲለው ሰምቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ወፍራም ፖስታ ከጨርቁ ላይ አኖረ። አባባ በመቀሱ ጫፍ ገፋ አድርጎ መለሰለትና መርገጫውን መታ መታ አድርጎ ስፌቱን ቀጠለ። ሰውዬው እስኪሄድ ቀና አላለም።

በዚያ ሳምንት እናቴ ሽሮ ከጎረቤት ተበድራ ነበር።