ለደመወዝ የሠራ አሻራ ለሥልጠና አልሠራም

ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ዝም ካልኩ ግን በሚቀጥለው ዙርም ያው ነገር ይደገማል። ጉዳዩ የአንድ የሥልጠና አቴንዳንስ ወረቀት ጉዳይ ነው። ከዚያ ወረቀት ላይ ስለተሰረዙ ሴቶች ነው የማወራው።

የምሠራው ጅማ፣ ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ነው። አስተዳደሩንም የሥልጠናውንም ነገር የምይዘው እኔ ነኝ። ድሮ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ፈልፍለን፣ አበጥረን ለሌላ እናስረክብ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ በር ሲከፍት ባለቤቱ፣ ጋሼ፣ በራሳችን ስም ወደ ውጭ እንላክ አሉ። በዓለም ገበያ «ጅማ 5» ሲባል ገዢው ወዲያው የሚያስበው ደረጃው ዝቅ ያለ፣ በብዛት የሚጫን ደረቅ ቡና ነው። የጋሼ ቁጭት እሱ ነው። ከጎማ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ የሚመጣልን ቡና ያን ስም ብቻ ተሸክሞ እንዲሄድ አይፈልጉም። እኔም አልፈልግም።

ድጋፉን ያገኘነው በዚህ መሀል ነው። ማቺንግ ግራንት የሚሉት ዓይነት ነው። ግማሹን እኛ፣ ግማሹን ድጋፍ ሰጪው መሥሪያ ቤት። ዓላማው አምራቾች ሠራተኛ አሠልጥነው የሚልኩትን መጠን እንዲያሳድጉ ነው። ገንዘቡ ቀድሞ አይሰጥም። መጀመሪያ ከኪስህ ታወጣለህ። ከዚያ ደረሰኙን፣ የሠልጣኞችን ዝርዝር፣ አቴንዳንሱን፣ ፎቶውን አያይዘህ ታስገባለህ። አጣርተው ድርሻቸውን ይመልሱልሃል። ሐሳቡ በጣም ጥሩ ነው፤ ይህን ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ባንክ ለማሽን ያበድራል፤ ማሽኑን በመያዣ ይይዛልና። ለሠራተኛ ሥልጠና ግን ማን ያበድርሃል? የሠለጠነ እጅ በመያዣነት አይመዘገብም።

ጥያቄው ማንን እናሠልጥን የሚለው ነበር። ቢሮ ያለነው ሰዎች እንድንገባ የፈለጉ ነበሩ። እኔ ከለቃሚዎቹ፣ ጉድለት ያለበትን ፍሬ በእጃቸው ለቅመው ከሚያወጡት ሴቶች፣ ካልጀመርን አልኩ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። አዲሱ ገዢያችን የሚፈልገው ስፔሻሊቲ የሚባለውን ከፍተኛ ደረጃ ቡና ነው። ከ350 ግራም ናሙና ውስጥ አንድ ሙሉ ጥቁር ፍሬ ከተገኘ አለቀ። ሙሉ የኮመጠጠም እንደዚያው። የተሰበረ ከሆነ አምስት ፍሬ እንደ አንድ ጉድለት ይያዛል፤ እነዚህ ቀለል ያሉት ጉድለቶች ደግሞ ተደምረው ከአምስት ማለፍ የለባቸውም። አንድ ኮንቴይነር 320 ጆንያ ይይዛል፤ ጆንያው 60 ኪሎ ነው። ግራቪቲ የምንለው ማሽን ቀላሉን ፍሬ ከከባዱ ይለያል። ፍሬን በቀለም የሚለየው ማሽን፣ ከለር ሶርተራችን፣ አሮጌ ነው፤ ጥቁሩን ይተፋል፣ በከፊል የኮመጠጠውን ግን አሳልፎ ይለቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሴቶቹ ዓይንና ጣት ነው የሚያልፈው። ከሂርማታና ከቆጪ በእግራቸው የሚመጡ ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጡም።

አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። የቡና ጣዕም ቀማሽ ነው፣ ሥራውን ያውቃል፣ ሰውም ያከብራል። ኦሮምኛ ስለማይችል አንዱ የማሽን ኦፕሬተራችን ይተረጉምለት ነበር። መጀመሪያ ናሙና ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ጉድለቱን ለቅማችሁ አውጡ አላቸው። ከመሀላቸው በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው ሴት፣ ቡናውን በአይበሉባቸው ገፋ ገፋ አድርገው አነጠፉት። ፍሬ በፍሬ ላይ የተደረበ አልቀረም። ከዚያ በሁለት ጣት መልቀም ጀመሩ። ጥቁሩን፣ ነቀዝ የበላውን፣ የተሰበረውን አወጡ። መጨረሻ ላይ አንድ ደህና የሚመስል ፍሬ አንስተው ለብቻው አስቀመጡ።

አሠልጣኙ ፍሬዋን አነሳት። አገላበጣት። ወደ መስኮቱ ወስዶ አያት። «እናቴ፣ ይቺ ምን ሆነች?» አላቸው።

«መልኳ ደብዝዟል። ክፈታትና አሽትት» አሉት።

በምላጭ ሰነጠቃትና ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ፊቱ ተኮማተረ። ከመፈልፈሏ በፊት ውስጧ የበሰበሰ፣ አንዷ ብቻዋን ሙሉ ስኒ የምታገማ ዓይነት ፍሬ ነበረች። ፍሬዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች፤ ሁላችንም አሸተትን። ከዚያ ወዲያ አሠልጣኙ አዴን ከአጠገቡ አላራቃቸውም።

እሳቸውም ግን የተማሩት ነገር ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ጫፏ ትንሽ የተነካች ፍሬ ሁሉ ትጣላለች። የትኛው ጉድለት ከባድ፣ የትኛው ቀላል እንደሆነ፣ ስንቱ እንደ አንድ እንደሚቆጠር የነገራቸው ሰው አልነበረም። አሠልጣኙ ለይቶ ሲያሳያቸው አዴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው «ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ደህናውንም ስጥል ነበር?» አሉ። የሚጣለው ቡና ከሥልጠናው በኋላ ቀነሰ። ገንዘብ የወጣበት ነገር በዓይን ሲታይ ደስ ይላል።

አቴንዳንሱን ጠዋትና ከሰዓት የማስፈርመው እኔ ነበርኩ። መፈረም የሚችሉት ይፈርማሉ። የማይችሉት ደግሞ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ አስነክተው ከስማቸው ፊት ያሳርፋሉ። ደመወዝ የሚወስዱትም በዚሁ መንገድ ስለሆነ ለማናችንም አዲስ ነገር አልነበረም። ከዝርዝሩ ከግማሽ በላይ አሻራ ነበር።

ከዚያ ከድጋፉ መሥሪያ ቤት አጣሪው መጣ። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ ላፕቶፑን ይዞ እኔ ቢሮ ተቀመጠ። መጀመሪያ ፔይሮሉን ጠየቀኝና ሰጠሁት። ድጋፉ ከሚለካባቸው ነገሮች አንዱ ለሴቶች የተፈጠረ የሥራ ዕድል ነው። ፔይሮሉን እያየ አንድ በአንድ ቆጠረ፤ ቁጥሩን ቅጹ ላይ ሞላ። ደስ አለው። ከዚያ አቴንዳንሱን ሳበና ብዕሩን አቆመ።

«እህቴ፣ እነዚህ አይያዙም።»

«የትኞቹ?»

«አሻራዎቹ። መመሪያው ፊርማ ነው የሚለው።»

«መጻፍ አይችሉም እኮ። ፊርማቸው ይሄ ነው።»

«ገብቶኛል። ግን ነገ ኦዲተር ይጠይቀኛል። አሻራ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?»

ይሄኔ ድምፄ ከፍ አለ። ፋይዳ ሲመዘገቡ የሰጡት ይህንኑ ጣት ነው አልኩት። ጭረት ነገር አድርጎ ከሚፈርም ሰው ይልቅ አሻራ ያሳረፈ ሰው ነው ማንነቱ የሚለየው። እሱ ወደ ሕግ ገባ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው አሻራ በሹም ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም አለ። እውነቱን ነው፤ ቁጥር 1728 እንደዚያ ይላል። ግን ያ ድንጋጌ የተጻፈው ለምንድን ነው? ያልተማረ ሰው ያላነበበውን ውል አስፈርመው ቤቱን እንዳይወስዱበት ነው። እነዚህ ሴቶች የተዋዋሉት ነገር የለም። «ዛሬ ነበርኩ» ነው ያሉት። እነሱን እንዲጠብቅ የወጣ ሕግ እነሱን ለመሰረዝ ሲጠቀስ መስማት ያማል።

ፔይሮሉን መልሼ አነሳሁና ከአቴንዳንሱ ጎን ዘረጋሁት። አንዱ ስም ላይ ጣቴን አደረግሁ።

«ይቺን ሴት አሁን ሥራ አገኘች ብለህ ቆጥረሃታል?»

«አዎ።»

«በምን አረጋገጥክ?»

ወደ ወረቀቱ አየ። ያው አውራ ጣት ነው። ቀለሙም ያው ሰማያዊ ነው።

«ይሄ ፔይሮል ነው» አለኝ፤ «የናንተ ሰነድ ነው።»

«አቴንዳንሱስ የማን ነው?»

መልስ አልሰጠኝም። ብዙ ቆየ። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ፣ ላግዝሽ ብዬ ነው። አዲስ ወረቀት አድርጊና መጻፍ የምትችል አንዷ ልጅ ትፈርምላቸው። እኔ ነገ ጠዋት ተመልሼ አየዋለሁ።»

እስከ ዛሬ ከውስጤ ያልወጣው ይህ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ከልቡ ሊረዳኝ ፈልጎ ነው የተናገረው። ሊያሠራን የሚችለውን መንገድ ሲፈልግ ያገኘው ብቸኛ መንገድ ያ ነው። እነሱ ራሳቸው ያሳረፉት አሻራ አይያዝም፤ ሌላ ሰው በስማቸው የሚጽፈው ሐሰተኛ ፊርማ ግን ያለምንም ጥያቄ ያልፋል። ይህን እያወቀ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ሰውን ውሸት እያስተማረ ነው። ውሸቱን የማይፈልግ ደግሞ ገንዘቡን ያጣል። እምቢ አልኩት። «ነገ ስትመጣም ወረቀቱ ይሄው ነው» አልኩት።

ሂሳብ ክፍላችን ተቆጣ። ማንም አይጎዳም፣ ሥልጠናው በእርግጥ ተሰጥቷል፣ ፊርማው የሥርዓት ጉዳይ ብቻ ነው አሉኝ። ነገሩ ጋሼ ጋ ደረሰ። ጋሼ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጠው አዩና «በሰው ስም አይፈረምም። ይቅርብን» አሉ። ሌላ ነገር አልተናገሩም። የተሰረዙት ሴቶች ወጪ ሙሉ በሙሉ በኛ ላይ ቀረ።

ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ቀጥሎ ልናሠለጥን ያሰብነው የመረጃ ሠራተኞችን ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በደን ጭፍጨፋ ላይ ባወጣው ሕግ መሠረት ቡናው የበቀለበት ማሳ በካርታ ላይ ነጥቡ ተይዞ፣ መሬቱ ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከተመነጠረ ደን የተገኘ አለመሆኑ መታየት አለበት። የኛ ገበሬ ቡናውን የሚያበቅለው ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ይህን በመረጃ ማሳየት ካልቻልን ግን ማን ያምነናል? ያ ሥልጠና ተገፋ።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ሰርተፊኬቱ ነው። የድጋፉ መሥሪያ ቤት አርማ ያለበት ሰርተፊኬት የወጣው ለተያዙት ብቻ ነበር። በታደለ ማግስት አዴ ቢሮዬ መጡ። ሻሻቸውን እያስተካከሉ ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸውም አልተቀመጡም።

«ልጄ፣ የኔ ወረቀት የታለ?»

እውነቱን ነገርኳቸው። አሻራ አንቀበልም ብለዋል አልኳቸው።

«ጣቴን ይዘሽ ያስነካሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ? አንቺ አላየሽኝም?»

«አይቻለሁ፣ አዴ።»

«ታዲያ አንቺ አይቻለሁ ስትያቸው ምን አሉ?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። እኔ ነበርኩ፣ አሠልጣኙ ነበር፣ ያችን ፍሬ ያሸተተ ሁሉ ነበር። የስንታችን ምስክርነት ከአንድ ጭረት ያንሳል?

በድርጅቱ ማኅተም ለሁሉም የራሳችንን ሰርተፊኬት ሠራን። ጋሼ ራሳቸው ፈርመው፣ ለቀማው ክፍል ድረስ ገብተው፣ እየጨበጡ ሰጧቸው። አዴ የሳቸውን ወረቀት በማን ቋንቋ እንደተጻፈ ጠየቁኝ። በሁለቱም ነው፣ በኦሮምኛም በአማርኛም አልኳቸው። አንብቢልኝ አሉኝ፤ ሁለቱንም አነበብኩላቸው።

ለገዢው የላክነው የቅድመ ጭነት ናሙና አለፈ። ያለፈው በነዚያ ሴቶች እጅ ነው። በድጋፉ ሪፖርት ግን እነሱ አልሠለጠኑም። አንድ ቀን አንድ ሰው ያን ሪፖርት ከፍቶ «ጅማ ውስጥ መሠልጠን የፈለጉ ሴቶች ጥቂት ናቸው» ብሎ ቢጽፍ አይገርመኝም። ከዚያ ቀጣዩ ገንዘብ ወደ ሌላ ይሄዳል።

ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጽፈናል። የጠየቅነው ቀላል ነገር ነው፤ ከአሻራው ጎን የፋይዳ ቁጥርና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ይግባና ይያዝልን። ይህ ለኦዲተሩም ይበጀዋል፣ ማንም አይቸገርም። በስልክ ስጠይቅ «እየታየ ነው» ይሉኛል። አጣሪው ልጅ ደብዳቤውን ራሱ ለበላዩ እንዳቀረበው ነግሮኛል፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ።

አዲሱ ዙር ተከፍቷል። ማመልከቻውን እየሞላሁ ነው። አቴንዳንሱ ላይ «ፊርማ ወይም አሻራ» የሚል ዓምድ ጨምሬ ከማመልከቻው ጋር አያይዤዋለሁ፤ የማይቀበሉት ከሆነ ገንዘቡ ሳይወጣ አሁኑኑ በጽሑፍ እንዲነግሩኝ ጠይቄያለሁ። የሠልጣኞቹን ዝርዝር አሁንም ከለቃሚዎቹ ነው የጀመርኩት።