አንድ ሞል ውሃ በቡና ሲኒ

አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ሰባት ዓመት አልፎኛል። ደሴ ፒያሳ ሱቅ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ዘንድሮ ነርሲንግ ልማር ብዬ ስነሳ የመግቢያ ፈተናው ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ነው ተባልኩ። የታናሽ እህቴን መጻሕፍት ተዋስኩ።

ሁለት ሳምንት ዝም ብዬ አነበብኩ። በቢጫ ማርከር እያሰመርኩ ገጹን ሁሉ ቢጫ አደረግኩት። የማውቀው መስሎኝ ነበር። እህቴ መጽሐፉን ዘግታ «ኦስሞሲስ ምንድን ነው?» ስትለኝ ግን ጣራ ጣራውን አየሁ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ርዕስ አነብና እዘጋዋለሁ። የማስታውሰውን ባዶ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ የጎደለውን ብቻ ተመልሼ አያለሁ። ከሱቅ ደክሞ ለሚገባ ሰው ከባድ ነው፣ አልዋሽም። ግን ይይዛል።

ኦስሞሲስ የገባኝ በድንች ነው። አንዱን ቁራጭ ንጹህ ውሃ፣ ሌላውን ጨው የበዛበት ውሃ ውስጥ አሳደርኩ። ጠዋት የጨው ውሃው ድንች እንደ ጎማ ተጣጠፈ። ሌላው ጠንክሮ ሲሰበር ቀጭ አለ። ለካ ውሃው ከሴሎቹ እየወጣ ጨው ወደበዛበት ሄዷል።

የሞሌኪውል መቁጠሪያው ሞል ግን ናላዬን አዞረው። 6.02 ሲባዛ በ10²³ የሚባል ቁጥር ማን ይጨብጠዋል? እንደ ደርዘን መቁጠሪያ ነው ቢሉኝም አልገባኝም። መጨረሻ ላይ ከፋርማሲ ስሪንጅ ገዛሁ። አንድ ሞል ውሃ 18 ግራም ይመዝናል፣ 18 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። ስቤ ቡና ሲኒ ውስጥ ጨመርኩት። ግማሹን እንኳ አልሞላም። ያ ሁሉ ሞሌኪውል እዚህች ውስጥ!

የኬሚካል እኩልታ ማመጣጠን ላይ ደግሞ ተዋረድኩ። ኦክስጅኑ እንዲስተካከልልኝ ውሃው ላይ አንድ ኦክስጅን ጨመርኩ። እህቴ በሳቅ ፈረሰች፤ «ይሄማ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆነ፣ ቁስል ማጠቢያው!» ከፊት ያለው ቁጥር ይቀየራል እንጂ ታች ያለችው ትንሿ ቁጥር አትነካም።

ሁለቱን የሴል አከፋፈሎች፣ ማይቶሲስና ሜዮሲስን፣ ለመለየት በሰው ክሮሞሶም ቁጥር ያዝኳቸው። በማይቶሲስ 46 ክሮሞሶም ያላቸው ሁለት ሴሎች፣ በሜዮሲስ 23 ያላቸው አራት።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን እማዬ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ያነበብኩትን ማውራቴ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ስላት «ታዲያ ኮምቦልቻ ሳለን ባቄላው ቶሎ የሚበስልልኝ ለምን ነበር?» አለችኝ። ተመልሼ አየሁ። 100 የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃው 92 ገደማ ላይ ይፈላል። እሳት ቢጨመርበትም ከዚያ በላይ አይሞቅም። ኮምቦልቻ ወረድ ስለምትል በሁለት ዲግሪ ያህል ትበልጣለች።

ይህን ስነግራት ራሷን ነቀነቀችና «ሊጡስ ክረምት ላይ ኩፍ ለማለት ለምን ይለግማል?» አለች።

«አብሽሪ፣ ነገ እነግርሻለሁ» ብዬ ወደ ኢንዛይም ምዕራፍ ተመለስኩ።