«እየወጣሁ ነው»

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ስልክ ላይ የሚሰማውን ሁሉ አያምንም። «መንገድ ላይ ነኝ» ያለህ ሰው ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። «ደረስኩ» ያለህ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሟል። እኔም ይሄን እያወቅኩ፣ አንዳንዴም ራሴ እያደረግኩት ነው ያደግኩት። ታዲያ ባለቤቴ «እየወጣሁ ነው» ስትለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳመንኳት እስካሁን አይገባኝም።

ባለቤቴ የማህፀንና ጽንስ ሬዚደንት ናት፤ ስፔሻሊስት ለመሆን የምትሠለጥን ሐኪም ማለት ነው። ከአራቱ ዓመት ሦስተኛውን ይዛለች፤ በእነሱ አጠራር አር ስሪ ናት። እኔ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የእኔም ሥራ ይበዛል። ግን የሚበዛው ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው፣ ሒሳብ ሲዘጋ። ይህን መስከረም ላይ ሆኜ አውቀዋለሁ። እንደ ክረምት ነው፤ ጃንጥላህን አዘጋጅተህ ትጠብቀዋለህ። የእሷ ሥራ ግን ምጥ ነው። ምጥ ደግሞ ፕሮግራም አያይም።

ሬዚደንት ማለት ነዋሪ ማለት ነው። እንደ ቀበሌ ነዋሪ። መጀመሪያ ስሰማው ስቄ ነበር፤ ለካ የምር ታሪክ አለው። አሜሪካ ባልቲሞር ውስጥ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በፈረንጆቹ 1889 ሲከፈት ዊሊያም ሆልስቴድ የሚባል የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው ይህን ዓይነቱን ሥልጠና የቀረጸው። ሠልጣኞቹ የሚያድሩት እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር። ትዳርም አይበረታታላቸውም ነበር። ሰውየው ራሱ የኮኬይን ሱሰኛ እንደነበር ሳነብ ብዙ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። የባለቤቴ የነዋሪነት መታወቂያ ላይ የተጻፈው አድራሻ የጀሞው ኮንዶሚኒየማችን ነው። ሲታደስ ቢስተካከል ይሻላል።

ዲዩቲ የሚባለውን ነገር ለማያውቅ ላስረዳ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ትገባለች። ቀኑን እንደማንኛውም ሰው ትሠራለች። ማታ ሌላው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ እሷ እዚያው ትቀራለች። ሌሊቱን ታዋልዳለች፣ ኦፕራሲዮን ትገባለች፣ ደም ባንክ ትደውላለች፣ ከጤና ጣቢያ በአምቡላንስ የተላኩ እናቶችን ትቀበላለች። ሲነጋ ደግሞ «ሞርኒንግ» የሚሉት አለ። ሌሊት የሆነውን ሁሉ በትልልቆቹ ሐኪሞች ፊት ቆማ ታቀርባለች፤ እነሱ ይጠይቃሉ፣ አንዳንዴም ይቆጣሉ። ከዚያ ራውንድ፣ የተኙ ታካሚዎችን ዞሮ ማየት። ቤት ስትደርስ ወደ 30 ሰዓት ሆኗታል። አር ዋን እያለች ይህ በወር ዘጠኝ ጊዜ ነበር።

ፕሮግራሙን ቺፍ ሬዚደንቱ ያወጣና ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። እኔ ፕሪንት አድርጌ ፍሪጅ ላይ እለጥፈዋለሁ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ቀለም ቀለም አስይዘዋለሁ። ሦስት ቀን አይቆይም። አንዷ ወንድሟን ትድራለች፣ አንዱ ፈተና አለበት፣ አንዷ ራሷ ነፍሰ ጡር ናትና ትቀያየራለች። እስኪብርቶዬን ይዤ እሰርዛለሁ፣ እጽፋለሁ። ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱ የልጃችንን ሥዕል ይመስላል።

ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዲዩቲው አይደለም ያስቸገረኝ። ዲዩቲ ያለባት ቀን ቤታችን ሰላም ነው። የለችም፣ አለቀ። እኔና ልጄ ፓስታ ሠርተን እንበላለን፣ ካርቱን እናያለን፣ እንተኛለን። ያስቸገረኝ ዲዩቲ የሌለባት ቀን ነው። 11 ሰዓት ላይ የምትወጣበት ቀን። ያኔ ነው የምጠብቃት።

ልጃችን ሁለት ዓመት የሞላት ቀን ይህ ነገር ፈነዳ። ኬኩ ከሰዓት በኋላ መጣ። እናቴ ድፎ ጋግራለች፣ አማቴ ከደብረ ብርሃን ድረስ መጥተዋል፣ የጎረቤት ልጆች ፊኛውን ግማሹን ፈጅተውታል። 11 ሰዓት ከሩብ ላይ መልእክት መጣ፦ «እየወጣሁ ነው»። 12 ሰዓት ሆነ። ሻማውን ሰካን። 1 ሰዓት ሲሆን ነቀልነው። ስደውል አታነሳም። ልጆቹ አለቀሱ፣ እናቶቻቸው «በቃ ይቆረስ፣ እሷ ትደርሳለች» አሉ፣ ተቆረሰ። ባለቤቴ የገባችው ማታ 4 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። በኦፕራሲዮን ክፍል ጫማዋ። የራሷን ጫማ መቀየር ረስታ ነው የመጣችው።

አልጮህኩም። እንደሚመስለኝ ከጩኸት የባሰ ነው ያደረግኩት፤ «ምን ተፈጠረ?» ብዬ በጣም በቀዘቀዘ ድምፅ ጠየቅኩ። እውነት ለመናገር ትልቅ ነገር እንድትነግረኝ ፈልጌ ነበር። አንዲት እናት ከሞት አፋፍ ተመለሰች፣ መንታ ተወለደ፣ የሆነ ነገር። ይቅር ለማለት ይመቸኝ ነበር። የነገረችኝ ግን ይህ ነው። የምትረከባት ልጅ ታክሲ አጥታ አንድ ሰዓት ዘገየች። ከዚያ አንዲት ታካሚ ደም ያስፈልጋታል፣ ደሙ ተፈቅዷል፣ ሄዶ የሚያመጣ ሰው ጠፋ። ከዚያ ካርድ ጠፋ። ካርዱ ሲገኝ ሌላ ሰው ተጠርቶ ሄዷል። አለቀ። ጀግንነት የለበትም። ሹካዋ ላይ ኬክ እንዳለ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወሰዳት።

በዚያ ሌሊት ብዙ አሰብኩ። አንድ ነገር ብቻ ልጻፍ፣ ምክንያቱም የሐኪም ባልና ሚስት ሁሉ የሚያውቀውና የማይናገረው ነገር ነው። ቅሬታህን ይዘህ የምትሄድበት ቦታ የለም። ለጓደኛህ ብትናገር «ሰው እያዳነች እኮ ነው» ይልሃል። ለእናትህ ብትናገር «እግዚአብሔር ይርዳት፣ አንተ ምን ጎደለህ?» ትልሃለች። ሌላው ሰው የሚቀናው በሚስቱ አለቃ ወይም በሚስቱ ስልክ ነው። የእኔ ተፎካካሪ ምጥ ላይ ያለች እናት ናት። ከእሷ ጋር ተወዳድሮ የሚያሸንፍ ባል የለም፣ ማሸነፍም የለበትም። ቅሬታው ግን አይጠፋም። ለቅሶ ቤት ብቻህን ትቀመጣለህ። ሠርግ ላይ «ባለቤትህስ?» ይሉሃል። ሰፈር ውስጥ ስሜ ከጠፋ ቆይቷል፣ «የዶክተሯ ባል» ነኝ። ደም ግፊት ያለባቸው ጎረቤቶቻችን በር ሲያንኳኩ የሚያገኙት እኔን ነው። የግፊት መለኪያ ማሽን መጠቀም የተማርኩት በዚህ ምክንያት ነው።

በማግስቱ ሳይሆን ከሦስት ቀን በኋላ ተነጋገርን። በማግስቱ ያልሆነበት ምክንያት አለው፣ እመለስበታለሁ። እሷ ያለችኝ ነገር ቀላል ነበር። «እየወጣሁ ነው ስልህ እየዋሸሁህ አይደለም። ጋዋኔን አውልቄ ቦርሳዬን ይዣለሁ። ግን ከዋርዱ እስከ ዋናው በር ድረስ አምስት ሰው ይጠራኛል።» ስለዚህ አንድ ቃል ቀየርን። «እየወጣሁ ነው» ቤታችን ውስጥ ተከለከለ። የሚፈቀደው «ወጣሁ» ብቻ ነው። እሱም የሚላከው የጊቢውን በር አልፋ፣ ራይድ ውስጥ ገብታ፣ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ምንም አትልክም፣ እኔም «ስንት ሰዓት ትመጫለሽ?» ብዬ አልጠይቅም።

ትንሽ ነገር ይመስላል። ለእኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሽቱ ተመለሰልኝ። ራት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይበላል፣ ማንም ቢኖር ማንም ባይኖር። የእሷ ድርሻ ተከድኖ ይቀመጣል። «ወጣሁ» ስትል ከእነሱ ሆስፒታል እስከ ጀሞ 40 ደቂቃ አለኝ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የመጀመሪያው ሥራዬ ከበርሜሉ ቀድቼ ማሞቅ ነው። ዲዩቲ ያደረ ሰው ከምግብም ከእንቅልፍም በፊት የሚፈልገው መታጠብ እንደሆነ በልምድ አውቄያለሁ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን መሸከም ፍቅር ነው የሚል ካለ፣ ይምጣና ይሞክረው። ወገብ ነው።

አሁን ወደዚያ ወደ ማግስቱ ልመለስ። የዲዩቲም ሆነ የእንደዚያ ዓይነት ምሽት ማግስት የተወራ ወሬ አይቆጠርም። ይህንን የተማርነው በእናቴ ነው። አንድ ቀን ባለቤቴ ከዲዩቲ ገብታ ሽሮ ፍርፍር እየበላች «እማዬ ለዓይኗ ሕክምና ሁለት ወር እኛ ጋ ትቀመጥ?» አልኳት። «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው» አለችኝ። እንዲያውም «እኔም ላስብበት ነበር» አለች። እናቴ ሻንጣዋን ይዛ ስትመጣ ባለቤቴ በሩ ላይ ሳቅ ብላ ተቀበለቻት፣ ከዚያ ወጥ ቤት ወሰደችኝና «ለስንት ቀን ነው?» አለችኝ። ምንም አታስታውስም። አንድም ቃል። ስለዚህ አሁን የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት፣ ዘመድ፣ ገንዘብ፣ ጠብም ጭምር፣ አንድ ሙሉ ሌሊት ከተኛች በኋላ ነው የሚነሳው።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አብሮ አደጌ አለኝ። የእሱም ባለቤት የውስጥ ደዌ ሬዚደንት ናት። መጀመሪያ እቀናበት ነበር፣ ምክንያቱም እዚያ ሕግ አለ። በፈረንጆቹ 1984 ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ ሊቢ ዛየን የምትባል የ18 ዓመት ልጅ ሆስፒታል በገባች በሰዓታት ውስጥ ሞተች። አባቷ ጋዜጠኛ ነበር፣ ዝም አላለም። ሠልጣኝ ሐኪሞች ያለ ዕረፍት ስንት ሰዓት ነው የሚሠሩት የሚለው ጥያቄ ከዚያ ተነሳ። የኒው ዮርክ ግዛት በ1989 ገደብ አወጣች፣ በ2003 ደግሞ አገር አቀፍ ሆነ፦ በአራት ሳምንት አማካይ ሲሰላ በሳምንት ከ80 ሰዓት አይበልጥም። የባለቤቴ ፕሮግራም ላይ ጣሪያ የሚመስል ነገር አይቼ አላውቅም። ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ሳቀ። «80ውን ይቆጥሩልናል። ዛሬ ማታ ስንት ሰዓት እንደምትመጣ ግን ሕጉም አያውቅም» አለኝ። እዚያ ደግሞ ሕፃን የሚያውሉበት ቦታ ዘግይተህ ከመጣህ በደቂቃ ያስከፍሉሃል። እኔ ቢያንስ እናቴ አለችኝ።

ባለፈው ፋሲካ የቅዳሜ ሹር ሌሊት ዲዩቲው እሷ ላይ ወደቀ። በፊት ቢሆን አኩርፌ እቀመጥ ነበር። ዘንድሮ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለስን እናቴ ዶሮውን በሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ሞላችልኝ፣ እንጀራውን በጨርቅ ጠቀለለች፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆምኩ። ጥበቃው «የጥየቃ ሰዓት አይደለም» አለ። «ለዶክተሯ ነው» አልኩት። «ሁሉም ለዶክተሯ ነው የሚለው» አለኝ። እውነቱን ነው። አንድ እንቁላል ከእነመረቁ አቀመስኩት፣ ጾም ፈታ፣ «እንኳን አደረሰህ» ብሎ አስገባኝ።

ደረጃው ላይ ወጣች። ያ አረንጓዴ ልብስ፣ ፊቷ ላይ የማስክ መስመር። ክዳኑን ስትከፍት ከላይ የተቀመጠውን አየችና ዝም አለች። እናቴ ፈረሰኛውን ለእሷ ነበር የላከችው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እኛ ቤት ፈረሰኛው ለማን እንደሚደርስ ግልጽ አልነበረም። እኔ ለራሴ ተስፋ አድርጌ ነበር። ለካ ተወስኗል። ከሁለት ሚድዋይፎችና ከአንዲት ኢንተርን ጋር ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን በላን። ሰባት ደቂቃ ይሆናል። ስልኳ ጮኸ፣ ጣቷን ላሰች፣ ተነሳች፣ ሄደች። «መልካም ፋሲካ» እንኳን አልተባባልንም። ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዤ ስወጣ ጥበቃው «ቀረ እንዴ?» አለኝ።

ልጃችን አሁን ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። የምንለውን ሁሉ ትሰማለች። ትናንት ማታ ሳፋ ውስጥ አጥቤያት ውሃው ቀዝቅዟል፣ እሷ ግን በጣሳ እየቀዳች ትጫወታለች። ፎጣውን ይዤ «ነይ ውጪ፣ ይበርድሻል» አልኳት። አልሰማችኝም። ሁለተኛ ጠራኋት። ሳትዞር፣ ጣሳዋን እየሞላች፣ «እየወጣሁ ነው» አለችኝ።