ቁርስ ለተሰወረው መነኩሴ

ኦሳካ ሦስት ቀን ቆይቼ ረሃብ ሊገድለኝ ነበር። ጊዜው ፍልሰታ ነው። ጃፓን ውስጥ ደግሞ የአትክልት የሚሉት ሾርባ እንኳ ብዙ ጊዜ ዓሣ አያጣውም። (ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ይቆየን። እናቴ አትበላም፣ እኔም አልበላም።)

ስለዚህ ኮያሳን ተራራ የወጣሁት ግማሹ ለጽሞና፣ ግማሹ ለሆዴ ነው። ባቡሩ የሚያቆምበት የመጨረሻ ጣቢያ ጎኩራኩባሺ ይባላል፤ «የገነት ድልድይ» እንደማለት ነው። ከዚያ ዳገቱን በገመድ የሚጎተት ባቡር ያወጣል። ላይ ከመቶ የሚበልጡ የቡድሃ ገዳማት አሉ፤ ሃምሳ ያህሉ እንግዳ ያሳድራሉ። ማዕዱ ላይ ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ። ከሰሊጥ የተሠራ ቶፉ፣ እንጉዳይ፣ የባሕር አረም ሾርባ። ሳህኑን ጠርጌ በላሁ።

ቦታውን በ816 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ኩካይ የሚባል መነኩሴ ነው። በ835 ሞተ አይሉም። መካነ መቃብሩ ውስጥ በተመስጦ ተቀምጧል ነው የሚሉት። አብረውኝ የነበሩት ፈረንጆች አስጎብኚውን በጥያቄ አጣደፉት። እኔን ግን አንድ ቃል ገላገለኝ፦ ተሰወረ። እንደ ቅዱስ ያሬድ።

እናም በቀን ሁለቴ ምግብ ይወሰድለታል፤ ንጋት 12 ሰዓትና ረፋድ 4፡30።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ኩካይ ያለበት የመቃብር ስፍራ፣ ኦኩኖ-ኢን ገባሁ። ሁለት ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ግራና ቀኙ ከ200,000 በላይ መቃብር። ዛፎቹ ሰማዩን ከልለውታል። ድንጋዩ ሁሉ ሽበት አውጥቷል። በየመሃሉ ትንንሽ ሐውልቶች አሉ፤ እንደ ሕፃን ቀይ የለሃጭ ጨርቅ አንገታቸው ላይ ታስሮላቸዋል። አንዱ አዲስ ነበር፣ የስፌቱ ክር እንኳ አልተቆረጠም።

መነኮሳቱ ነጭ የእንጨት ሣጥን ተሸክመው ወጡ። መጀመሪያ አንዲት ትንሽ መቅደስ ፊት ቆሙ፤ ምግቡን አስቀድሞ የሚቀምሰው እዚያ ያለው ሐውልት ነው ይላሉ። ከዚያ ድልድዩን ተሻገሩ። ከድልድዩ ወዲያ ፎቶ ክልክል ነው። ስልኬን ኪሴ ከተትኩና ተከተልኳቸው። ከጫማቸው ኮሽታ ሌላ ድምፅ አልነበረም። ይህን ከ1,100 ዓመት በላይ ሲያደርጉ ኖረዋል። «በልቶ ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ ነውር መሰለኝ።

ስመለስ የእኔም ቁርስ ቀርቧል። በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። እንዴት ላስረዳው? እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩና ግድግዳው ሰዓት ላይ ሦስት ቁጥርን አሳየሁት። ወጣቱ መነኩሴ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ትሪውን አንስቶ ሄደ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወረቀት በሩ ማዶ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረግ አደረገ።